ደብረ ብርሃን ላይ ሪዘን 5 3600 ኦቨርክሎክ፦ ብርዱ ይጠቅማል ወይስ አየሩ ይጎዳል?

ጠባሴ16
ሰላም ለሁላችሁ። የኮምፒውተሬ ፕሮሰሰር የኤኤምዲ ሪዘን 5 3600 ነው። ማዘርቦርዱ ኤ320፣ ራሙ አንድ ፍሬ 8 ጊጋ ባለ 2666፣ ግራፊክስ ካርዱ ያገለገለ አርኤክስ 580፣ ኩለሩ (ማቀዝቀዣው) ከፕሮሰሰሩ ጋር በካርቶኑ የመጣው ትንሹ። ሲኒቤንች አር23 (የፕሮሰሰር ፍጥነት መለኪያው) በሁሉም ኮር 8,300 አካባቢ ነው የሚሰጠኝ። አዲስ አበባ ያለ ጓደኛዬ በዚሁ ፕሮሰሰር 9,400 አመጣሁ ብሎ ስክሪንሾት እየላከ ያሾፍብኛል። እኔ እኮ ደብረ ብርሃን ነኝ፣ ጋቢ ለብሼ ነው ጌም የምጫወተው። ብርዱ ለእኔ መጥቀም አልነበረበትም? ኦቨርክሎክ ላድርገው (ከፋብሪካው ፍጥነት በላይ ላስሩጠው) ብዬ ባዮስ (የቦርዱ ማስተካከያ) ገብቼ መልቲፕላየሩን (የፍጥነት ማባዣውን) ብፈልገው ብፈልገው የለም። ምን ልግዛ? ሁሉንም በአንዴ መቀየር አልችልም፣ አቅሜን እወቁልኝ።

ፒን1331
መልቲፕላየሩን ያጣኸው ስለሌለ ነው ወንድሜ። ኤ320 ላይ ኤኤምዲ ራሱ የፕሮሰሰር ኦቨርክሎክን ዘግቶታል። ቢ350፣ ቢ450፣ ቢ550 ወይም በኤክስ የሚጀምር ቦርድ ቢሆን ታገኘው ነበር። ኢንቴል ጋር ጣጣው ይብሳል፤ ፕሮሰሰሩ መጨረሻው ላይ ኬ ሊኖረው፣ ቦርዱም ዜድ ሊሆን ይገባል። (ኢንቴልን ያነሳሁት ነገ አንዱ መጥቶ "ኢንቴል ግዛ" ማለቱ ስለማይቀር ነው።)

ግን ቦርድ ለመግዛት አትሩጥ። 8,300 ለ3600 ዝቅተኛ ነው። ምንም ሳትነካው 9 ሺህን ማለፍ አለበት። ስለዚህ ያንተ ፕሮሰሰር ገና ፋብሪካው በሰጠው ፍጥነት እንኳን እየሮጠ አይደለም፣ ኦቨርክሎክ ከዚያ በኋላ የሚመጣ ነው። ሁለት ነገር ንገረኝ። ውጤትህ ከ10 ደቂቃው ነው ወይስ ከአንድ ዙር? አር23 ካልነካኸው 10 ደቂቃ ይደጋግምና ሙቀቱ ከተጠራቀመ በኋላ ያለውን ነው የሚሰጥህ። ብዙ ሰው ያንን ያጠፋና አንዴ ብቻ አሩጦ ስክሪንሾት ይልካል። ጓደኛህን ጠይቀው። ሌላው፣ ኤችደብሊው ኢንፎ የሚባለውን ፕሮግራም ከጎን ክፈትና ሙቀቱንና የኮሮቹን ፍጥነት እያየህ ጻፍልኝ።

ጌመር_ዲቢ
ኧረ ምን ሙቀት ሙቀት ትላለህ። ችግሩ ራሙ ነው! አንድ ፍሬ 8 ጊጋ፣ እሱም 2666? በዚህ ዘመን? ሌላ 8 ጨምርበትና ዱዋል ቻናል (ሁለቱ ጎን ለጎን እንዲሠሩ) አድርገው፣ ሲኒቤንቹ በሺህ ነው የሚዘለው።

ፒን1331
ራሙ ይቀየር፣ እሱ ላይ እስማማለሁ። በሺህ ይዘላል የምትለውን ግን አልበላውም። ሲኒቤንች ሥራውን አብዛኛውን ፕሮሰሰሩ ውስጥ ባለው ካሽ (ትንሽ ፈጣን ሜሞሪ) ነው የሚጨርሰው፣ ራሙን ብዙም አይጠራውም። የራም ልዩነት የሚታየው ጌም ላይ፣ ሰቨን ዚፕ (የፋይል መጭመቂያው) ላይ፣ የታይም ስፓይ (የጌም መለኪያው) የፕሮሰሰር ክፍል ላይ ነው።

ሪዘን ላይ ደግሞ ሌላ ምክንያት አለ። ኮሮቹንና ሜሞሪውን የሚያገናኘው ኢንፊኒቲ ፋብሪክ የሚሉት መንገድ ከራሙ ጋር እኩል ነው የሚራመደው። ራሙ 2666 ከሆነ መንገዱ 1333 ሜጋኸርዝ ነው፣ 3200 ከሆነ 1600፣ 3600 ከሆነ 1800። እስከ 1800 አብዛኛው ቺፕ ሳያንገራግር ይሄዳል። ከዚያ በላይ እንደ ቺፑ ዕድል ነው፤ አልሄድ ሲል ሁለቱ ይለያዩና ራሙ ፈጥኖ ውጤቱ ይወርዳል። ስለዚህ ባለ 4000 ራም በውድ ገዝተህ አትቃጠል። ሁለት ፍሬ 8 ጊጋ ባለ 3200 ይበቃሃል፣ ኤ320 ላይም ይሠራል። ስትሰካው ባዮስ ገብተህ ኤክስኤምፒን (ራሙን በተጻፈበት ፍጥነት የሚያሮጠውን) አብራ፤ ካላበራኸው 3200 ብለህ የገዛኸው በ2133 ወይም በ2400 ነው የሚንፏቀቀው። ስንት ሰው ዓመት ሙሉ እንደዚያ ሲጠቀም አይቻለሁ።

ጠባሴ16
አየሁት። የመጀመሪያው ዙር ላይ 8,900 ይላል፣ 10 ደቂቃው ሲያልቅ 8,300። ሙቀቱ 95 ደርሶ እዚያው ቀጥ ይላል። ፍጥነቱ መጀመሪያ 3.8 ጊጋኸርዝ ነበር፣ ኋላ 3.6 ላይ ወረደ። ጓደኛዬ ደግሞ አንድ ዙር ብቻ ነው ያሮጥኩት ብሎ አመነ 😂 ኩለሩም ትልቁ ማማ ዓይነት ነው አለ።

ግን ክፍሌ 14 ዲግሪ ነው እኮ። እንዴት 95 ይሆናል?

ቀወት_ልጅ
14 ዲግሪ ይዞ ያለቅሳል እንዴ ሰው! እኔ ሸዋ ሮቢት ነኝ። ከሰዓት ክፍሌ ከ32 አይወርድም፣ ኬዙን ከፍቼ ፋን አዙሬበት ነው የምሠራው። ብርዳችሁን በማዳበሪያ ከረጢት ላኩልኝ።

ፒን1331
@ጠባሴ16 95 ለ3600 የመጨረሻው ወሰን ነው። እዚያ ሲደርስ ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል። 3.6 የሆነብህ ለዚያ ነው።

አሁን ወደ ርዕስህ እንምጣ። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ ናት። እዚያ አየሩ ከባሕር ጠለል ጋር ሲነጻጸር ወደ ሩብ የሚጠጋ ይሳሳል። ፋንህ በደቂቃ የሚዞረው ያው ነው፣ የሚገፋው አየርም በመጠን ያው ነው፣ ክብደቱ ግን ቀንሷል፣ ሙቀት ተሸክሞ የሚወጣው ደግሞ የአየሩ ክብደት ነው። የኩለር ግምገማ በኢንተርኔት ስታይ ፈታኞቹ ባብዛኛው ቆላ የሚባል ከፍታ ላይ ያሉ ሰዎች ናቸው። "ትንሹ ኩለር ለ3600 ይበቃዋል" የሚሉህ እነሱ ጋ ስለበቃ ነው።

በግርድፉ እንየው። እንበልና አንድ ኩለር ደብረ ብርሃን ላይ ፕሮሰሰሩን ከክፍሉ በ60 ዲግሪ አስበልጦ ይይዘዋል። ክፍሉ 14 ከሆነ 74 ነው። ያንኑ ኩለር ጣርማ በርን አውርደህ ሸዋ ሮቢት ብትወስደው ከፍታው 1,300 ሜትር አካባቢ ነው፣ አየሩ ወፈር ስለሚል ልዩነቱ ወደ 53 ወይም 54 ይወርድ ይሆናል። ግን ክፍሉ 32 ነው፣ ድምሩ 85 አለፈ። ስለዚህ ብርዱ አሁንም ያሸንፋል። ያሸነፈው ግን ሰዉ እንደሚያስበው በሰፊው አይደለም፣ የብርዱን ጥቅም ሲሶውን ያህል የሳሳው አየር መልሶ ይወስደዋል።

ያንተ 95 ግን የከፍታ ብቻ አይደለም። ኬዙን መቼ ነው የከፈትከው?

ጥገና_ቤት
ልጄ፣ እኔ እዚሁ ከተማ ስጠግን ብዙ ዓመቴ ነው። ፒን የጻፈው ልክ ነው። እኔ ጋ ከሚመጡት "ይሞቃል" ከሚባሉት አብዛኞቹ አቧራ ናቸው፣ ሌላው የደረቀ ፔስት (ፕሮሰሰሩና ኩለሩ መሃል የሚቀባው) ነው። ኩለሩን ከመቀየርህ በፊት ግን ስማኝ። የዚህ ፕሮሰሰር እግሮቹ ያሉት ራሱ ላይ ነው፣ ሶኬቱ ላይ አይደለም። ፔስቱ ደርቆ ከሆነ ኩለሩን ስትስበው ፕሮሰሰሩም አብሮ ተነቅሎ ይመጣል፣ እግሩ ይጣመማል። በኛ ብርድ ጠዋት ጠዋት ፔስቱ እንደ ሙጫ ነው። መጀመሪያ ኮምፒውተሩን 10 ደቂቃ አሩጠህ አሙቀው። አጥፋው፣ ከሶኬት ንቀለው። ከዚያ ኩለሩን ወዲያ ወዲህ ቀስ አድርገህ አዙረው እንጂ ወደ ላይ አትሳበው።

ሹራብህን ደግሞ አውልቅ። በበጋ ደረቅ ብርድ የሱፍ ሹራብ ለብሰህ ራም ብትነካ ስታቲኩ ሊያቃጥለው ይችላል። ብረት ነገር ነካ አድርገህ ጀምር።

እስቲ የፓወር ሰፕላይህን ጽሑፍ አንብብልኝ። 12 ቮልት የሚለው ላይ ስንት አምፔር ይላል?

ጠባሴ16
እሺ ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ከላይ 500 ዋት ይላል። 12 ቮልት ላይ 18 አምፔር።

ጥገና_ቤት
12 ሲባዛ በ18፣ 216 ዋት ነው። 500 ያለው ለገበያ ነው። አርኤክስ 580 ብቻውን 185 ዋት ተብሎ የተሠራ ካርድ ነው፣ ፕሮሰሰርህ ሲጨናነቅ እስከ 88 ዋት ይወስዳል። ደምረው። እስካሁን የቆየህ ሁለቱ እኩል ሞልተው ስላልሠሩ ነው። ስሪዲማርክ (የጌም መለኪያው) ምናምን ስትል በአንዴ ይሞላሉ፣ ያኔ ኮምፒውተሩ ድፍት ይላል። አንተ ደግሞ "ኦቨርክሎኩ አልያዘም" ብለህ ቮልት ትጨምራለህ። እንደዚያ ያበላሸ ሰው ብዙ አይቻለሁ።

ስትገዛ በእጅህ ይዘህ መዝነው፣ የቀለለ አትግዛ። ከጀርባው 115 እና 230 የሚል ቀይ ማብሪያ ካለውም ተወው። ከ100 እስከ 240 ቮልት ብሎ የተጻፈበት ይሻልሃል፣ ማታ ማታ መብራቱ ሲደክም እሱ አይጨነቅም።

መሀል_ሜዳ
እኔ ያልገባኝ ነገር፣ ይሄ ሁሉ ልፋት 8 የነበረውን 9 ለማለት ነው? ስኮር ገብስ አይገዛ። ከመንዝ ሰላምታ ጋር።

ፍሬም_በፍሬም
ገብስ ይገዛል ወንድሜ 😄 እኔ የሰርግ ቪዲዮ ነው የምሠራው። ጥር ላይ ሰርጉ ሲደራረብ አንዱን ሬንደር ሳልጨርስ ሌላው ይመጣል። ኮምፒውተሩ 10 ከመቶ ከፈጠነ ሌሊት አንድ ሰዓት እተኛለሁ ማለት ነው። ግን የእኔ ሥራ ላይ ትልቁ ለውጥ የመጣው ከ8 ወደ 32 ጊጋ ራም ስሄድ እንጂ ከኦቨርክሎክ አይደለም።

ራም ኦቨርክሎክ የምታደርጉ ልጆች ደግሞ እባካችሁ። ፕሮሰሰር ሲያቅተው ባብዛኛው ብሉ ስክሪን ይሰጥና ይለይለታል። ራም ግን ብዙ ጊዜ ዝም ብሎ ነው የሚሳሳተው። ሁሉም ደህና መስሎ ፋይሉ ይበላሻል፣ የሰው ሰርግ ደግሞ ድጋሚ አይቀረጽም። ሜምቴስት86ን (የራም መፈተሻውን) ፍላሽ ላይ ጭናችሁ ሌሊቱን አሳድሩት። አንድም ስህተት ካለ ፍጥነቱን ዝቅ አድርጉት፣ "አንድ ብቻ ናት" አይባልም።

ጠባሴ16
እህቴ ተቀብያለሁ። ጥያቄ፣ ኬዙን ሌሊት መስኮቱን ከፍቼ ሥሩ ባስቀምጠውስ? ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ውጭው ዜሮ ድረስ ይወርዳል። ውሃ ይቋጥርበታል የሚሉኝ አሉ።

ፒን1331
እየሠራ ከሆነ አይቋጥርም። ጤዛ የሚይዘው ከአካባቢው አየር የቀዘቀዘ ነገር ነው፣ በፋን የሚበርድ ፕሮሰሰር ደግሞ መቼም ከክፍሉ አየር በታች አይወርድም። አደጋው ሲገለበጥ ነው። ሌሊቱን ጠፍቶ ውርጭ ሲመታው ያደረ ኬዝ እንጀራ ወደሚጋገርበት፣ እንፋሎት ወዳለበት ክፍል ከገባ ቦርዱ ላይ ያልበዋል። እንደዚያ ከሆነ ሳታበራው አንድ ሁለት ሰዓት ተወው። ደግሞ አንተ ሳንባ ምች ይዞህ 9,500 ምን ያደርግልሃል።

ጌመር_ዲቢ
ስለ ብርድ ካነሳን፣ የከብት አዳቃዮቹ የኮርማ ዘር የሚያስቀምጡበት ፈሳሽ ናይትሮጅን አለ አይደል? ትንሽ ለምነን ብንሞክርስ 😅 ውጭ ሀገር ሪከርድ የሚሰብሩት በእሱ ነው።

ፒን1331
ናይትሮጅኑ ያው ነው፣ 196 ዲግሪ ከዜሮ በታች። ግን እሱን የሚይዝ ልዩ የመዳብ ዕቃ ያስፈልጋል፣ ቦርዱም ዙሪያውን ከጤዛ መሸፈን አለበት፣ ያን ሁሉ አድርገህ ለደቂቃዎች ነው የሚቆየው። እ.ኤ.አ. በ2023 9 ጊጋኸርዝን ያለፈው ኮር አይ9-14900ኬኤፍ እንኳን ናይትሮጅን አልበቃውም፣ በፈሳሽ ሂሊየም ነው የሠሩት። በዚያ ላይ ናይትሮጅን በተዘጋ ክፍል ሲተን ኦክስጅኑን ያባርረዋል፣ ሽታ የለው ቀለም የለው፣ ሳታውቀው ትወድቃለህ። ላሞቹን ተዋቸው።

ቀወት_ልጅ
"ላሞቹን ተዋቸው" 😂😂 ሞትኩ

ጠባሴ16
ዝማኔ። አቧራውን አራገፍኩ (ያሳፍራል የወጣው)። ፔስቱን ጋሼ እንዳሉት አሙቄ ነው ያነሳሁት፣ ፕሮሰሰሩ ቦታው ላይ ቀረ። ማማ ዓይነት ኩለር ባለ አንድ ፋን እና ፓወር ሰፕላይ ከአዲስ አበባ አስልኬ በላም በረት መኪና መጣልኝ። አሁን 10 ደቂቃው ሲያልቅ 9,250! ሙቀቱ 71። ኤ320ው ላይ፣ ምንም ኦቨርክሎክ ሳይኖር።

ታዲያ አሁን ቢ450 ልግዛ? እዚሁ ከተማ ያገለገለ የሚሸጥ ልጅ አግኝቻለሁ።

ፒን1331
እንኳን ደስ ያለህ። ከ8,300 ወደ 9,250 ማለት ከ10 ከመቶ በላይ ነው፣ ኦቨርክሎክ ይህን ያህል አይሰጥህም። 3600ን በሁሉም ኮር 4.2 ላይ ብትሰቅለው የምታገኘው ሌላ 5 ወይም 6 ከመቶ ነው።

ቦርዱን በተመለከተ እውነቱን ልንገርህ። ቁጥሩን ብቻ ከሆነ የፈለግከው ቢ450ውን ተወውና ገንዘብህን አጠራቅመህ ሪዘን 5 5600 ግዛ። የቦርድህ አምራች ባዮስ ካወጣለት ኤ320 ላይ ይሰካል፣ ምንም ሳትነካው ወደ 11 ሺህ ይጠጋል። 3600ን ያን ያህል ልታደርሰው ብትሞክር ቮልቱ ይገድለዋል። መነካካቱን ራሱ ከወደድከው ግን ቢ450ውን ግዛ፣ 5600ውም ኋላ እሱ ላይ ይገባል። ስትገዛ ከፕሮሰሰሩ ሶኬት ጎን ያሉት የኃይል ቺፖች ላይ ብረት የተለጠፈበት ይሁን፣ እርቃናቸውን ከሆኑ አትውሰድ። ባዮሱም ይታይ። ቢ450 የወጣው ከ3600 በፊት ነው፣ ካልታደሰ ፕሮሰሰርህን አያውቀውም። ሻጩ ፊት ለፊትህ አብርቶ ያሳይህ። ባዮስ ራስህ የምታድስ ከሆነ ዩፒኤስ ላይ ሰክተህ ብቻ። መሃል ላይ መብራት ከሄደ ቦርዱ ድንጋይ ነው፣ በፍላሽ መልሶ የሚነሳበት ቁልፍ ከሌለው በቀር።

ጠባሴ16
መነካካቱን ወድጄዋለሁ። ቢ450ውን ገዛሁት፣ ብረት አለው፣ ባዮሱም የታደሰ ነው። ከየት ልጀምር?

ፒን1331
4.0 ጊጋኸርዝ በ1.25 ቮልት ጀምር። 10 ደቂቃውን ካለፈ 25 ሜጋኸርዝ ጨምር። ካላለፈ ቮልቱን በጣም በትንሹ ከፍ አድርግ። 1.325 ላይ ስትደርስ አቁም፣ ከዚያ በላይ በሁሉም ኮር ቆልፎ ማሠራት ቺፑን ቀስ በቀስ ይበላዋል።

አንድ ነገር ሰዎችን ያሳስታል። ምንም ሳትነካው ኤችደብሊው ኢንፎ ላይ 1.45 ቮልት ምናምን ታያለህ። እሱ አንድ ኮር ለቅጽበት ሲሮጥ ነው፣ ጤነኛ ነው። ያንን አይተህ "ታዲያ 1.45 ይችላል ማለት ነው" ብለህ በእጅህ እንዳትቆልፈው።

ሁለተኛው ማታለያ ቮልቱ ሲያንስ ነው የሚመጣው። ኮምፒውተሩ አይጠፋም፣ ፍጥነቱን የሚያሳየው ሲፒዩ-ዚ የሚባለው ፕሮግራምም 4.2 ይላል፣ ውጤቱ ግን ይወርዳል። ፕሮሰሰሩ ቮልት ሲያጥረው ምቱን ይዘረጋዋል፣ ላይ ላዩን 4.2 ነው፣ ውስጡ ሌላ። ኤችደብሊው ኢንፎ ላይ ውጤታማ ፍጥነቱን የሚያሳይ ለብቻው መስመር አለ፣ እሱን እመን። እና በእጅ ቆልፈህ 4.1 ላይ ብትቀር የአንድ ኮር ውጤትህ ካለው ይወርዳል፣ ምክንያቱም ሳይነካ አንድ ኮር ብቻውን 4.2 ይደርስ ነበር። ወይ 4.2ን አሳካው፣ ወይ እንዳለ ተወው።

ካርዱንስ አየኸው? አርኤክስ 580 ያልከው በጂፒዩ-ዚ (የካርድ መረጃ የሚያሳየው ፕሮግራም) ስንት ሼደር (የካርዱ የስሌት ክፍል) ይላል? 2304 ከሆነ እውነተኛው ነው። 2048 ከሆነ ስሙ ብቻ 580 ነው፣ ውስጡ 570 ነው። ያገለገለ ከሆነ ደግሞ የክሪፕቶ ማዕድን ሲቆፍር የኖረ ሊሆን ይችላል፣ እነሱ ባዮሱን ቀይረው ነው የሚሸጡት፣ ጌም ላይ ምስሉ የሚሰባበርብህ ከሆነ መጀመሪያ የምትጠረጥረው እሱን ነው።

ጠባሴ16
2304 ይላል፣ ተመስገን።

በመጨረሻ 4.2 በ1.3 ቮልት ያዘ። 4.225 ላይ በ1.325ም አልሄደም፣ ተውኩት። 10 ደቂቃው 9,740፣ ሙቀት 79። ሁለተኛውን ራም ደሞዝ ሲመጣ። ለጓደኛዬ "አንተም 10 ደቂቃ አሩጠህ ላክ" ብዬዋለሁ፣ ድምፁ ጠፍቷል።

መሀል_ሜዳ
እሺ ይሄኛው ትንሽ ደስ አለኝ።

ቀወት_ልጅ
ኤ320ውን ትሸጠዋለህ? ለታናሽ ወንድሜ አንድ ልገጣጥምለት ነበር።

ጠባሴ16
ይሸጣል፣ ዋጋውን በውስጥ እንነጋገር። የድሮውን ትንሹን ኩለር እመርቅልሃለሁ። ሸዋ ሮቢት ላይ በእሱ 10 ደቂቃውን እንዳታስጀምር እንጂ።